ሳንታ ባርባራ በእግር፦ ከጭቃ ቤቷ ጀምሩ

ካሊፎርኒያ፣ አሜሪካ ያለችውን ሳንታ ባርባራን ሊጎበኝ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከፍርድ ቤቱ ይጀምራል። የሰዓት ማማው ከሩቅ ስለሚታይ እግር በራሱ ወደዚያ ይወስዳል። እኛ የጀመርነው ግን ካኖን ፔርዲዶ ጎዳና ላይ ካለችው ኤል ኩዋርቴል ከምትባል ዝቅ ያለች የጭቃ ቤት ነው። ለሚሄድ ሁሉ የምመክረውም ይህንኑ ነው።

እኛ ያልኩት እኔና የአክስቴ ልጅ ነን። ሎስ አንጀለስ ትኑር እንጂ ይህችን ከተማ የምታውቃት በመኪና ስታልፍ ብቻ ነው። በባቡር ሦስት ሰዓት ግድም ይወስዳል፤ ከቬንቱራ በኋላ ሐዲዱ ባሕሩን ተጠግቶ ስለሚሄድ በግራ በኩል መቀመጥ ነው። አስጎብኚ አልያዝንም። "ሬድ ታይል" የሚባለው የእግር ጉዞ ካርታ ስልክ ላይ ይገኛል፤ መሃል ከተማው ደግሞ ለእግር የተሠራ ነው ማለት ይቻላል።

ኤል ኩዋርቴል የስፔን ወታደሮች በ1782 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ካቆሙት ምሽግ የተረፈች ናት። ስፔን ያኔ ላይኛው ካሊፎርኒያ በምትለው ግዛት ከመሠረተቻቸው አራት ምሽጎች የመጨረሻው ይህ ነበር። የምዕራቡን በር የሚጠብቀው ወታደር ከነቤተሰቡ ይኖርባት የነበረች ስትሆን፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቆመው ካሉ ሕንፃዎች በዕድሜ ሁለተኛዋ መሆኗ ይነገራል። ልስኑ በተነሣበት በኩል ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ከጭቃው መሃል ጭድ ብቅ ብሎ ይታያል።

"ውይ! ይሄማ የእማማ ቤት ነው!" አለች የአክስቴ ልጅ፣ ግድግዳውን በእጇ ዳሰስ አድርጋ። እውነቷን ነው፤ ጭቃና ጭድ አቡክቶ ቤት መሥራት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ እኛ እንጨት አቁመን፣ ማገር መትተን እንመርጋለን፤ እነሱ ጭቃውን በጡብ መልክ ቀርጸው በፀሐይ ያደርቁና ይደረድሩታል። ግድግዳው የወፈረው ለዚህ ነው፤ ውጭ ፀሐይ እየጠበሰ ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ነው። አጠገቡ ያለው ነጭ ጸሎት ቤት ያምራል፤ ዳሩ ግን በ1980ዎቹ በድሮው መሠረት ላይ እንደገና የተሠራ ነው።

ይህን ካየን በኋላ ነው የከተማዋ ነገር የገባኝ። ኖራ የተቀባ ነጭ ግድግዳ፣ ቀይ የሸክላ ክዳን፣ ቅስት፣ የብረት ፍርግርግ ያለው መስኮት በየመንገዱ ስታዩ ሁሉም ከስፔን ዘመን የቀረ ይመስላችኋል። አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ዋናው ስቴት ጎዳና እንደማንኛውም የአሜሪካ ከተማ ነበር። ጁን 29 ቀን 1925 በማለዳ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታውና አብዛኛው ፈረሰ፤ 13 ሰዎች ሞቱ። ፐርል ቼዝና በርንሃርድ ሆፍማንን የመሳሰሉ ሰዎች ከተማዋ አንድ መልክ እንድትይዝ ቀድሞም ይወተውቱ ስለነበር፣ ፍርስራሹ ዕድል ሆነላቸው። የሕንፃ ንድፍ የሚመረምር ቦርድ ወዲያው ተቋቋመ። ዕድሜው አጭር ቢሆንም መልኩን ያስያዘው እሱ ነው፤ በ1960 ደግሞ መሃል ከተማው በደንብ ተከለለ። ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ሳይቀር የሸክላ ክዳን ደፍቶ ይታያል።

"እና ማስመሰል ነዋ!" አለችኝ። በከፊል ተስማማሁ። ቢሆንም ሲያስመስሉ እንዲህ አሳምረው ከሆነ ብዙ አልቃወምም።

ካዛ ዴ ላ ጉዌራ ላይ እውነተኛውና አዲሱ ተያይዘዋል። የምሽጉ አዛዥ ሆሴ ዴ ላ ጉዌራ ከ1818 ጀምሮ ያሠራው የጭቃ ጡብ ቤት ነው፤ ሦስት ክንፉ ግቢውን አቅፎ ይዞታል። ዙሪያውን ደግሞ ሆፍማን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ኤል ፓሴዮ የተባለውን የሱቆች መተላለፊያ አሠራ። ንድፉን የጀመረው ጄምስ ኦዝቦርን ክሬይግ ሳይጨርሰው ስለሞተ ሚስቱ ሜሪ ቀጠለችበት። ሎቤሮ ቲያትርንም በደጁ አለፍነው፤ የዛሬው ሕንፃ የ1924 ነው።

ፍርድ ቤቱ ጋ ስንደርስ ግን ሁለታችንም ዝም አልን። በ1929 የተጠናቀቀ፣ ዊልያም ሙዘር የነደፈው ሕንፃ ነው። መግቢያ አይከፈልበትም። ከትልቁ ቅስት በላይ በስፔንኛ "እግዚአብሔር ሜዳውን ሰጠን፣ የሰው ጥበብ ከተማን ሠራ" የሚል ተጽፏል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ያየሁት ሴራሚኩን ነው፦ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ እግር ከሚረግጠው በታች ባለው ፊት ላይ ተለጥፏል፤ ደረጃ በወጣችሁ ቁጥር ጌጡ ይቀየራል። ላይ ፎቅ ግድግዳውን ሙሉ በሥዕል የሞላ አዳራሽ አለ፤ ዳንኤል ግሮስቤክ የካሊፎርኒያን ታሪክ ስሎበታል። ከዚያ በአሳንሰር ማማው ላይ ይወጣል። ቀይ ክዳን እስከ ባሕሩ ተዘርግቷል። የካሊፎርኒያ ባሕር በምዕራብ ነው ብሎ የለመደ ሰው እዚህ አቅጣጫ ይጠፋበታል፤ የባሕሩ ዳርቻ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ስለሚሄድ ውቅያኖሱ በደቡብ፣ ተራራው በሰሜን ነው።

ሚሲዮኑ፣ ማለትም የስፔን ካቶሊክ መነኮሳት ያቋቋሙት የስብከት ጣቢያ፣ ከዚያ ሽቅብ ግማሽ ሰዓት አለፍ ያለ መንገድ ነው። የተመሠረተው ዲሴምበር 4 ቀን 1786፣ በቅድስት በርባራ ቀን ነው። እኛም ታኅሣሥ 8 ቀን ከዮልያና ጋር የምናስባት ያችው ሰማዕት ናት። የአክስቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። የዛሬው ቤተ ክርስቲያን በ1820 ተሠርቶ፣ በ1925 ተጎድቶ የታደሰ ነው።

እኔን የያዘኝ ከፊት ለፊቱ ያለው ረጅም የድንጋይ ገንዳ ነው። ልብስ ማጠቢያ ነበር። ከጫፉ ላይ የዱር አውሬ ጭንቅላት ተቀርጾበታል፤ የቀረጹት ቹማሾች፣ ማለትም ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት እዚህ ይኖሩ የነበሩት ሕዝቦች ናቸው። ጭቃውን ያቦኩትም፣ ድንጋዩን የጠረቡትም፣ ውኃውን ከተራራ የሳቡትም እነዚሁ የአገሩ ሰዎች ናቸው። "የስፔን ስልት" ስንል የማን እጅ እንደሆነ ካርታው ላይ እምብዛም አይነገርም፤ ቅር ያለኝ ይኸው ነው። መካነ መቃብሩ ውስጥ ደግሞ ሁዋና ማሪያ ለተባለችው ሴት መታሰቢያ አለ። ወገኖቿ ከሳን ኒኮላስ ደሴት ሲወጡ ቀርታ ለ18 ዓመት ብቻዋን ኖረች። በ1853 ወደዚህ ሲያመጧት ቋንቋዋን የሚሰማ ሰው አልተገኘም ይባላል፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይታ ሞተች። ስሟም እዚህ የተሰጣት እንጂ የራሷ አይደለም።

መሄድ ለምታስቡ፦ ኮፍያ ያዙ፣ ሽቅቡ ጥላ የለውም። ሚሲዮኑና ምሽጉ ያስከፍላሉ። ፍርድ ቤቱን ከሰዓት በኋላ አድርጉት፤ ሲመሽ ግን ማማው ስለሚዘጋ አትዘግዩ። ዳገቱን የማትችሉ ከመሃል ከተማ ታክሲ ይዛችሁ ሚሲዮኑ ድረስ ውጡና ቁልቁል በእግር ተመለሱ።