ከቀለሙ ሥር ያለው

ሰሞኑን ቤታችን አቧራ በአቧራ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ከውስጥ ውሃ ሲጠጣ ከርሟል። በውጭ የምትታየው መዳፍ የምታህል ቢጫ እድፍ ብቻ ነበረች። ቀለም ሲቀባባት ትጠፋለች፤ ትንሽ ቆይታ ሰፋ ብላ ትመጣለች።

የቧንቧ ሠራተኛው እድፏን ብዙም አላያትም። መዶሻውን ገልብጦ በእጀታው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ያንኳኳ ጀመር። ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፤ ትንሽ ፈቀቅ ይልና ደግሞ ያንኳኳል። በመጨረሻ ከእድፏ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ መሮውን አሳረፈ። «እዚያ ነው እኮ የሚታየው» አልኩት። «የሚታየው እዚያ ነው፤ የሚያፈሰው ግን እዚህ ነው» አለኝ። ልስኑ ሲወድቅ የቧንቧው መገጣጠሚያ ዝጎ፣ ጠብ ጠብ ሲል አየሁት። ዙሪያውን ሻጋታ ወርሶታል።

ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ቤት ውስጥ የሚያጣላን ነገር ሁሉ ሲታይ ትንሽ ነው። ያልታጠበ ሳህን፣ ሳይዘጋ ያደረ መብራት፣ ወለል ላይ የተደፋ ውሃ። ጠቡ ግን ከሳህኑ አይመጣም። «እኔን ማን ያየኛል? ሁሉም በእኔ ጫንቃ ላይ ነው» ከሚል፣ ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ሲንጠባጠብ ከኖረ ቅሬታ ነው የሚመጣው። ሐዋርያው ያዕቆብም በምዕራፍ 4 መጀመሪያ ላይ ጠብ ከወዴት ይመጣል ብሎ ይጠይቅና ጣቱን ወደ ውስጥ፣ ወደ ምኞታችን ይቀስራል። ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ በሰው ፊት ፈገግ ማለት ጥሩ ነው። ቅሬታው ካልተነካ ግን ቀለም መቀባት ነው።

ማታ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14ን ከፍቼ አነበብኩ። ብዙዎቻችን ቶሎ የምናልፈው ክፍል ነው። በቤት ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ደዌ የተሰጠ ሕግ አለ፤ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ሆኖ ግድግዳው ውስጥ ጠልቆ ይታያል። ባለቤቱ ራሱ ሄዶ ለካህኑ ይናገራል። ካህኑ ከመግባቱ በፊት ዕቃው ሁሉ ይወጣል። ከዚያ ቤቱ 7 ቀን ይዘጋል። ደዌው ሰፍቶ ከተገኘ ድንጋዮቹ ተነቅለው ከከተማ ውጭ ይጣላሉ፤ ውስጡ ዙሪያውን ይፋቃል፤ ሌላ ድንጋይ ገብቶ በአዲስ ጭቃ ይመረጋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ተመልሶ ከወጣ ቤቱ ይፈርሳል።

እግዚአብሔር የሰውን ግድግዳ እንኳ እንዲህ ቀርቦ ማየቱ ገረመኝ። ይበልጥ የነካኝ ግን መጨረሻው ነው። ደዌው ከለቀቀ በኋላ ቤቱ በደምና በውሃ፣ ሂሶጵ በሚባል ተክልም ይረጫል። ዳዊት በመዝሙር 51 «በሂሶጵ እርጨኝ፥ እነጻለሁም» ብሎ የለመነበት ያው ሂሶጵ ነው። መፋቁ አለ፤ መንጻቱ ግን በፋቂው ጉልበት አያልቅም። ኃጢአትን በራሴ ጥረት ብቻ ልጣለው ስል የምደክመው ለዚህ ይመስለኛል። ጌታም ተጠርጎና አጊጦ ባዶ ስለቀረው ቤት ተናግሯል፤ የወጣው ርኩስ መንፈስ ከራሱ የከፉ 7 ሌሎችን ይዞ ይመለሳል። ባዶ ቤት ንጹሕ ስለሆነ ብቻ አይጠበቅም። ክርስቶስ ሊገባበት፣ ሊኖርበት ይገባል።

ቤት ደግሞ ለዚህ ውጊያ የተለየ ቦታ ነው። ውጭ ሰው ያየናል፤ እንጠነቀቃለን። ቤት ግን ልጅ ውሃ ሲደፋ፣ ክፉ ቃል ከአፍ ለመውጣት ምላስ ጫፍ ላይ ይደርሳል። እዚያች አፍታ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ ያለው። እግዚአብሔር ቃየልን ያናገረው ወንድሙን ከመግደሉ በፊት ነው፤ ፊቱ ገና እንደጠቆረ። ኃጢአት በደጅ ታደባለች፣ አንተ ግን ንገሥባት አለው። ገና ደጅ ላይ ናት፤ አልገባችም። ያቺ አፍታ በቤት ውስጥ በየቀኑ ስንት ጊዜ ትሰጠናለች! እኔ በእሷ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ነው የምለው፦ «ጌታ ሆይ፣ እርዳኝ።» ከዚያ ጎንበስ ብዬ ከልጁ ጋር ወለሉን እወለውላለሁ። ሁልጊዜ ይሳካል አልልም። ሲሳካ ግን ከእኔ እንዳልሆነ በደንብ አውቀዋለሁ።

መገጣጠሚያው ተቀይሯል። ሠራተኛው ግን ግድግዳው ሳይደርቅ እንዳይለሰን አጥብቆ አስጠንቅቆናል፤ እርጥበቱ ከታፈነ መልሶ ይሻግታል። ስለዚህ እስኪደርቅ እንደተቦረቦረ ይቆያል። እንግዳም ቢመጣ ያየዋል።

ያዕቆብ በምዕራፍ 5 እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ፣ አንዱም ስለ ሌላው ይጸልይ፣ ትፈወሱም ዘንድ ይላል። ዛሬ ልጆቹ ሲተኙ ያንን የቆየ ቅሬታ ለባለቤቴ እነግረዋለሁ። ሳህኑንና መብራቱን ሳልቆጥር፣ ከሥሩ። ከዚያ አብረን እንድንጸልይ እጠይቀዋለሁ።