የመኪና ናቪጌተር በሞተር ሳይክል ላይ፦ ከመሪው እስከ ባትሪው

ዘመድ ከውጭ ያመጣልኝን፣ በመኪና መስታወት ላይ ለመለጠፍ የተሠራ ባለ 4.3 ኢንች የጂፒኤስ ናቪጌተር (መንገድ በካርታ የሚያሳይ መሣሪያ) በ125 ሲሲ ሞተር ሳይክሌ ላይ ለመግጠም ስነሣ፣ ያየኝ ሁሉ «ስልክህ ምን ሆነና?» ይለኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የሞተር ሳይክል ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 አስጠንቅቋል፤ የእጅን መንቀጥቀጥ ለማካካስ በካሜራው ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ጥቃቅን ክፍሎች ለረጅም ጊዜ ኃይለኛ ንዝረት ሲደርስባቸው ሥራቸውን ያዛባሉና። ስልኬን ደግሞ ለሥራ እፈልገዋለሁ፤ አሮጌው ናቪጌተር ግን ቢሰበርም ብዙ አላዝንም።

ማሰሩ ብዙም አላስቸገረኝም። የሞተሬ መሪ እንደ አብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች 22 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው፣ የናቪጌተሩ መያዣ የሚያያዝበት ባለ አንድ ኢንች የጎማ ኳስ ያለው ማቀፊያ ገዝቼ፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ የቆረጥሁትን ቁራጭ ከሥሩ ጠቅልዬ በብሎን አጠበቅሁት። ጎማው ማቀፊያው እንዳይሽከረከር ይይዘዋል፤ ንዝረቱንም በመጠኑ ያለዝበዋል። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሬ፣ ዕቃው ከነዳጅ ታንኩ ጋር እንደማይጋጭና የፍሪሲዮን ካቦውን እንደማይነካ አረጋገጥሁ። የመኪናው መያዣ ናቪጌተሩን የሚይዘው በአንዲት የፕላስቲክ ምላስ ብቻ ስለነበረ፣ ለጥንቃቄ የጫማ ማሰሪያ ጨመርሁበት፤ ያች ማሰሪያ ባትኖር ኖሮ ወደ ዓባይ ስጓዝ ሙከጡሪ ከተማ ሳልደርስ አስፋልቱ ላይ ጥዬው ነበር።

ያደከመኝ ኃይሉ ነው። ባትሪው የ12 ቮልት ይባል እንጂ ሞተሩ ተነሥቶ በቴስተር ሲለካ ከ14 ቮልት በላይ ያሳያል፤ ናቪጌተሩ ግን የሚፈልገው 5 ቮልት ብቻ ነው። መጀመሪያ ለሞተር ሳይክል የሚሸጥ የዩኤስቢ ቻርጀር ገጥሜ ቤት ውስጥ ባገኘሁት ተራ ገመድ ባገናኘው፣ ስክሪኑ ላይ የኮምፒውተር ሥዕል መጣና ካርታው ጠፋ። ናቪጌተሩ ኮምፒውተር ላይ የተሰካ መስሎት ነበር። ነገሩን ስመረምር፣ ከመኪናው ቻርጀር ገመድ ጫፍ ካሉት አምስት እግሮች አራተኛው በአንዲት ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የምትገድብ ትንሽ ዕቃ) አማካይነት ከኔጌቲቩ ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘሁት፤ መሣሪያው ከመኪና ኃይል እያገኘ መሆኑን የሚያውቀው በዚህ ነው። በሁለተኛው ሙከራ የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ገጥሜ የመኪናውን ቻርጀር ሰካሁበት፤ በስፕሪንግ ብቻ የተያዘው መሰኪያ ግን ኮረኮንች በነካ ቁጥር ይነቀል ነበር። በመጨረሻ መሰኪያውን ፈታሁት። 12 ቮልቱን ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው ትንሽ ሰርኪት ውስጡ ስላለ፣ ፖዘቲቩን ከጫፉ፣ ኔጌቲቩን ከጎኖቹ ስፕሪንጎች በኩል በስታኞ በየድሁና ሁሉንም በናስትሮ ጠቅልዬ ከፊት መብራቱ ጀርባ ሸሸግሁት።

ኃይሉን ከየት መቅዳት እንዳለብኝም የተማርሁት በስሕተት ነው። በቀጥታ ከባትሪው ቀጥዬው ስለነበር፣ ጎሐ ጽዮን ባደርሁበት ሌሊት ናቪጌተሩን ሳላጠፋ በፌስታል ሸፍኜው ተኛሁ። ባትሪዬ 5 አምፒር ሰዓት ነው፤ ስክሪኑ የበራ መሣሪያ ከባትሪው ግማሽ አምፒር ያህል ቢወስድ፣ በወረቀት ላይ እንኳ ከ10 ሰዓታት በላይ አያቆይም፤ ያረጀ ባትሪ በደጋ ብርድ ደግሞ ያንንም አይሞላም። ጠዋት የማስነሻውን ቁልፍ ስጫን «ጠቅ» ከማለት በቀር ምንም አልነበረም። ሞተሬ በእግር የሚመታ ማስነሻ የለውም። ደግነቱ ከዚያች ከተማ ወደ ዓባይ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ተነሣ።

ስለዚህ ቁልፉ ሲዘጋ ኃይሉም የሚዘጋበት ሽቦ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚመክረው የፊት መብራቱን ሽቦ ነው፤ በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ግን የፊት መብራቱ ባትሪውን ሳይነካ ከጄኔሬተሩ በቀጥታ የሚመጣ ኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ስለሚያገኝ፣ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሪክ) የሚፈልግን መሣሪያ እዚያ ላይ መቀጠል ማቃጠል ነው። ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርጌ፣ ቁልፉን ከፍቼና ዘግቼ ስለካ፣ ቁልፉ ሲከፈት 12 ቮልት የሚያሳይ ሲዘጋም ዜሮ የሚሆን ሽቦ ከክላክሱ ዘንድ አገኘሁ። ከዚያ ቀዳሁ፤ ባለ 2 አምፒር ፊውዝም ከመቀጠያው አጠገብ አስገባሁ። ፊውዙን ወደ ናቪጌተሩ አስጠግቶ ማስገባት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሽቦው መሐል ላይ ተልጦ ከብረት ጋር ቢነካካ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ፊውዝ ምንም አያድነውም።

የቀረኝ የክረምቱ ጉዳይ ነው። መሣሪያው ውኃ የሚችል ስላልሆነ ዝናብ ሲመጣ አሁንም በፌስታል እሸፍነዋለሁ፤ ስክሪኑ በፌስታሉ ላይ የሚወርደውን ጠብታ እንደ ጣት እየቆጠረ ካርታውን ወዲያና ወዲህ ሲጎትተው፣ ቆሜ አጠፋዋለሁ።