የአሮጌዋ ኮሮላ ኤሲ፦ ጋዙን ከመሙላት በፊት

«ደሴ እየኖርክ ኤሲ?» ያላለኝ ሰው የለም። እውነታቸውን ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ቅዝቃዜን በብር መግዛት ያስቃል። ግን ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ አንዳንዴ ከሚሴ፣ አንዳንዴ ባቲ እወርዳለሁ። የባቲን ፀሐይ የቀመሰ ያውቀዋል።

ከፀሐዩ በላይ ያስመረረኝ ግን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የሐረጎ ዳገት በክረምት ነው። ውጭ ጉም፣ ውስጥ የሰው ትንፋሽ፣ መንገዱ ጠመዝማዛ፤ መስታወቱ ደግሞ ድፍን ይላል። ኤሲ አየሩን ያደርቃል። ከማሞቂያው ጋር አብሮ ሲከፈት መስታወቱ ወዲያው ይጠራል። ለደሴ ሰው ዋናው ጥቅሙ ይሄ ነው ባይ ነኝ።

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ኮሮላ ናት፤ ጋዟ አር-134ኤ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ መኪኖች አር-12 ነበር የሚጠቀሙት። እሱ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት መነሻነት ቀርቷል። ሁለቱን መቀላቀል አይቻልም፤ ዘይታቸውም ይለያያል። መኪናችሁ የቆየች ከሆነ መጀመሪያ ኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። የጋዙ ዓይነትና መጠኑ በግራም ተጽፎበታል።

አንድ ጋራዥ «ጋዝ ብቻ ነው የጎደላት፣ አሁኑኑ እንሙላላት» አለኝ። አልተዋጠልኝም። የኤሲ ጋዝ ተቃጥሎ አያልቅም፤ በታሸገ መስመር ውስጥ ይዞራል እንጂ። ከጎደለ የወጣበት ቦታ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ኮምቦልቻ ወደሚሠሩ አንድ የፍሪጅ ባለሙያ ሄድኩ። አየር መጥጦ የሚያወጣ ቫኪዩም ፓምፕም፣ የግፊት መለኪያ ጌጅም አላቸው። «ጋሼ፣ እኔ ልሥራው፣ እርስዎ ይዩኝ» አልኳቸው። «ይሁን፣ ግን ጓንትና መነጽር አድርግ፣ እንዳያቃጥልህ» አሉኝ። ማቃጠል ያሉት ብርዱን ነው። ፈሳሹ ጋዝ ሲያመልጥ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ቆዳ ላይ ካረፈ በብርድ ይጎዳዋል።

ቀዳዳውን ያገኘነው በዓይን ነው። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ፣ የሚያፈስበት ቦታ ላይ አቧራው ይለጠፋል። ከራዲያተሩ ፊት ያለው የኤሲው ኮንደንሰር መጋጠሚያ ላይ ጥቁር፣ ቅባታማ ቆሻሻ ነበር። በናይትሮጅን ሞልተን ሳሙና ቀባነው፤ አረፋው ተንጫጫ። ለዚህ ሥራ ኦክስጅን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ከዘይት ጋር ተገናኝቶ ይፈነዳል። ናይትሮጅኑን አስወጥተን የመጋጠሚያዋን ማሸጊያ ጎሚኒ ለኤሲ በተሠራች ቀየርናት፣ ከመግጠማችንም በፊት ጋዙን በሚጨምቀው በኮምፕረሰሩ ዘይት አራስናት። የውሃ ቧንቧ ጎሚኒ እዚህ አይሆንም፤ ጋዙና ዘይቱ ይበሉታል።

ቀጥሎ ቫኪዩም። መስመሩ ውስጥ አየርና እርጥበት ከቀረ ዘይቱን ወደ አሲድነት ይለውጣል፣ በረዶ ሆኖም መንገድ ይዘጋል። ቪዲዮዎቹ ሁሉ «ጌጁ 29 ኢንች እስኪደርስ» ይላሉ፤ ኢንች እዚህ የቫኪዩም መለኪያ ነው። የእኛ 24 አካባቢ ደርሶ ቀጥ አለ። ፓምፑ ደክሟል ብዬ ነበር፤ ሰውዬው ሳቁ። 29 የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ጌጁ ከ24 ብዙም አያልፍም። ደሴ ላይ ቢሆን 22 አካባቢ ይቆም ነበር። ቫኪዩሙ ግን ያው ሙሉ ነው። ዋናው ነገር ፓምፑ ከጠፋ በኋላ መርፌው አለመመለሱ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን፣ ንቅንቅ አላለም።

ሙሌቱ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ጋዙ የሚገባው በወፍራሙ ቧንቧ፣ ዝቅተኛ ግፊት ባለበት በጌጁ ሰማያዊ በኩል ነው። ሞተሩ እየሠራ ከፍተኛ ግፊት ያለበትን ቀዩን መክፈት የጋዙን ጣሳ ያፈነዳል። ጣሳው ቆሞ ይሞላል፤ ተገልብጦ ፈሳሽ ከገባ ኮምፕረሰሩን ይሰብራል። ሚዛን ላይ አስቀምጠን ወረቀቱ ባለው ግራም ልክ አቆምን። እንደዚህ ባሉ ትንንሽ መኪኖች ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 750 ግራም ነው። «ትንሽ ይጨመር» የሚባል ነገር አትስሙ። ሲበዛ ግፊቱ ይጨምራል፣ ማቀዝቀዙ ይቀንሳል።

አንዳንዶች በርካሽ የምግብ ማብሰያ ጋዝ ይሞላሉ አሉ። ሞተር አጠገብ ተቀጣጣይ ጋዝ? ይቅርብኝ።

አሁን በብርዱ ወቅትም በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እከፍታታለሁ። ዘይቱ ከጋዙ ጋር ሲዞር የኮምፕረሰሩ ማሸጊያ አይደርቅም። ባለቤቴ አንዳንዴ ጋቢዋን ይዛ ነው የምትገባው።