አየሩን ቀድሞ የዘጋው ማን ነው?

ነገሩ የሆነው ባሕር ዳር፣ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ኮለሙን የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ከግልጽ አክሪሊክ የተሠራ፣ ውስጡ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ሁለት ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ከሥሩ አየር የሚነፋ ባለ ደቃቅ ቀዳዳ የብረት ስፓርጀር ያለው የፍሎቴሽን ኮለም። 15 ሊትር ይይዛል። የተተከለው ከድንጋይ ከሰል ላይ አመዱን በአረፋ ለመለየት ነበር።

ሙከራውን የሚመራው ዶክተር ይዞት የመጣው ሐሳብ መጥፎ አልነበረም። አረፋው እንዳይዋሃድ የሚጨመረው ኬሚካል (ፍሮዘር ይሉታል)፣ ኤምአይቢሲ፣ በዶላር ይመጣል፤ እንዶድ ግን ከገበያ በጣሳ ተሰፍሮ ይገዛል። ሳፖኒን የሚባል እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ነገር አለው፣ አረፋውም የታወቀ ነው፣ እናቶቻችን ነጠላ ያጠቡበት ነው። ዶክተሩ በየስብሰባው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን እንዳዩ ሳያነሣ ወደ ራሱ ሥራ አይገባም። ቀንድ አውጣን የገደለ ነገር ዓሣንም አይምርምና፣ ከኮለሙ የሚወጣው ውሃ በርሜል ውስጥ እንጂ ወደ ጣና በሚሄድ ቦይ እንዳይደፋ ያስደረጉት ግን ቴክኒሻኑ ናቸው።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ሳይበስል ተለቅሞ የደረቀ ፍሬ ይፈጫል፤ ብናኙ አፍንጫና ዓይን ስለሚለበልብ ማስክ የግድ ነው። 50 ግራሙ በአንድ ሊትር ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ጠዋት ይጣራል፣ በዚያው ቀን ይሠራበታል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ይቦካል። ከተጣራው 10 ሚሊ ሊትር በ105 ዲግሪ ይደርቅና የቀረው ጠጣር ይመዘናል። ዶክተሩ «ሚሊ ግራም በሊትር» የሚለው ይህን ጠጣር ነው። ውስጡ ስኳሩም ሌላውም አብሮ አለ፤ ሁሉንም ሳፖኒን ብሎ መቁጠር ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል።

ለማወዳደሪያ የነበረው ኤምአይቢሲ ነው። 10 ሚሊ ግራም በሊትር ለማድረግ ለ15 ሊትሩ የሚያስፈልገው 150 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከ0.2 ሚሊ ሊትር ያነሰ ነው። ይህን በሲሪንጅ በቀጥታ የሚጨምር ሰው መርፌው ጫፍ ላይ የምትቀረዋን ጠብታ እየለካ ነው። ስለዚህ አንድ ሚሊ ሊትር በአንድ ሊትር ውሃ ይበጠበጥና ከዚያ 190 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈሳል።

ጋዝ ሆልድአፑ፣ ማለትም ኮለሙ ውስጥ ካለው ስንት በመቶው አየር እንደሆነ፣ የሚለካው በሁለት ግልጽ ላስቲክ ቱቦና በማስመሪያ ነው። ቱቦዎቹ ከኮለሙ ጎን በአንድ ሜትር ርቀት ከታችና ከላይ ይገባሉ። አየር ሲከፈት ከታች የገባው ቱቦ ውሃ ከላይኛው ዝቅ ይላል፤ የአንድ ሴንቲ ሜትር ልዩነት አንድ በመቶ አየር ማለት ነው። አየሩ በሴኮንድ አንድ ሴንቲ ሜትር እንዲሄድ በደቂቃ 4.7 ሊትር ይለቀቃል። በዚህ ፍጥነት ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ከአራት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ያሳያል። ፍሮዘር ሲገባ አረፋው ይደቅቃል፣ አወጣጡም ይዘገያል፤ ልዩነቱ ወደ 10 ይጠጋል።

እንዶዱ በ5 ሚሊ ግራም 10 ሰጠ። በ10ም፣ በ20ም ያው 10። ዶክተሩ ሠንጠረዡን ይዞ ከፍ ዝቅ አለ። ቴክኒሻኑ ግን ከቱቦዎቹ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ ጠየቁ፦

«ዶክተር፣ ባዶ ውሃውን አንድ ጊዜ ብናየው?»

«ጋሼ፣ ባዶ ውሃ ምን ይነግረናል? አራት ተኩል እንደሆነ ባለፈው ለክተነው የለ?»

«ባለፈውማ ለክተናል። የዛሬው ነው ያልተለካው።»

«በ5ም በ20ም አንድ ዓይነት የሰጠኮ ገና በ5 ሥራውን ስለጨረሰ ነው!»

«ወይም ምንም ስላልሠራ ነው» አሉ።

ዶክተሩ ሳቀ። ተማሪዎቹም ሲስቅ አይተው ሳቁ።

መከራከሪያው ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። እያንዳንዱ ፍሮዘር የአረፋ መዋሃድን የሚያቆምበት መጠን አለው፤ ኤምአይቢሲ 10 ሚሊ ግራም በሊትር አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ቢጨመርም የአረፋው መጠን እምብዛም አይቀንስም። ነገር ግን እዚህ ጋ ደርሷል ለማለት የአረፋው መጠን መጀመሪያ ሲወርድ መታየት አለበት። ከመጀመሪያው ነጥብ ጀምሮ ቀጥ ብሎ የሄደ መስመር ቁልቁለቱን አላሳየም። ደግሞም ሆልድአፕ ከዚያ ወዲያም ቀስ እያለ መጨመሩ አይቀርም፤ ድርቅ ብሎ መቆሙ ራሱ ያጠራጥራል።

የሚያስቀው፣ ዶክተሩ ለጥቃቅኑ ነገር እጅግ ጠንቃቃ ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ 82 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ የአየሩን ፍሰት የሚለካው ሮታሜትር ደግሞ ለባሕር ጠለል የተሠራ ነው ብሎ እያንዳንዱን ንባብ በ1.11 ያባዛል። ስሌቱን ሰሌዳ ላይ አንድ ከሰዓት ሙሉ አስረድቷል። ሮታሜትሩ ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ግን የከተማውን አየር አታውቅም፤ የምታውቀው የቆመችበትን ቱቦ ግፊት ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ የውሃው ቁመትና የስፓርጀሩ ጭነት አለ። ትክክለኛው መንገድ ሮታሜትሩ መውጫ ላይ ጌጅ ተክሎ በዚያ ግፊት ማስላት ነው። ይህን ያነሣ ሰው አልነበረም፤ 1.11 እስከ ዛሬ በኤክሴሉ ውስጥ አለች።

ዶክተሩ ለምሳ ሲወጣ ቴክኒሻኑ ኮለሙን አፈሰሱት፣ አጠቡት፣ የቧንቧ ውሃ ብቻ ሞሉትና አየሩን ከፈቱ። ልዩነቱ 9 ሆነ። ምንም ሳይገባበት። ውሃው ሲታይም የታወቀ ነው፤ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር የሚሆኑ አረፋዎች እየተወዛወዙ ይወጣሉ፣ ይኼኛው ግን በደቃቅ አረፋ ነጭ ሆኖ ነበር። ከኮለሙ ትንሽ በጠርሙስ ቀድተው ናጡት፤ አረፋው አልጠፋም። ከቧንቧው በቀጥታ የቀዱት ወዲያው ጠፋ። ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው እሳቸውም ምሳ ሄዱ።

ከየት መጣ? ኮለሙ ታጥቧል። ያልታጠበው ስፓርጀሩ ነው። አየሩ ከተዘጋ ከላይ ያለው ውሃ በቀዳዳዎቹ ወደ ኋላ ይሰርጋል፣ አልፎም አየር ቱቦው ውስጥ ይገባል፤ በመስመሩ ላይ የማይመልስ ቫልቭ ካለ እዚያ ድረስ ይሄዳል፣ ከሌለ ሮታሜትሩ ውስጥ ይገኛል። ያ የተጠራቀመ የእንዶድ ውሃ በሚቀጥለው ቀን አየር ሲከፈት ተመልሶ ይወጣል። ላስቲክ ቱቦውም ሳፖኒን ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ ሕጉ አየሩ እየነፋ ውሃው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው አየር የሚዘጋው። እኛ ጋ ግን ለሳምንታት የተገላቢጦሽ ነበር፦ በመጀመሪያ አየር፣ ከዚያ ማፍሰሻው። ቴክኒሻኑ ተማሪዎቹን ማን እንዲህ አሳያችሁ ብለው ሲጠይቋቸው እርስ በርስ ተያዩ። ኮምፕሬሰሩ ጩኸቱ ስለሚረብሽ ውይይት ሊጀመር ሲል ቶሎ ይዘጋ የሚል ትእዛዝ ከላይ ወርዶ ነበር። ከላይ ማለት ከማን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ውይይቱን የሚጠራው አንድ ሰው ነው።

ስፓርጀሩ ተፈቶ በሙቅ ውሃ ተነፋበት፣ ኤታኖል ውስጥ አደረ፣ እንደገና ተነፋ። የአየር ቱቦው ተጣለና አዲስ ገባ። ባዶ ውሃው ወደ አራት ተኩል ተመለሰ፣ ሙከራው እንደ አዲስ ተጀመረ።

አሁን ደግሞ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ እንዶዱ ይሠራል። በ5 ሚሊ ግራም እምብዛም ለውጥ አላሳየም፣ መጠኑ ሲጨምር ግን ሆልድአፑ ደረጃ በደረጃ ወጣ፣ ፎቶውም ላይ አረፋው ደቀቀ (ፎቶው የሚነሣው ኮለሙን በከበበው ውሃ በተሞላ ባለ አራት ማዕዘን ሣጥን በኩል ነው፤ ያለዚያ ክቡ ግድግዳ አረፋውን በወርዱ ይለጥጠዋል)። በርካሽነቱ ረገድ ሂሳቡ እንደታሰበው አልወጣም፤ በየቀኑ አዲስ መዘፍዘፍ ይፈልጋል። ከሰሉ ራሱም ሌላ ጣጣ ነበረው። ዝቅተኛ ደረጃ ያለው፣ ገጹ ኦክሳይድ የሆነ ከሰል ውሃ ይወዳል፤ አረፋው ምንም ቢያምር በቂ ነጭ ጋዝ ካልተቀባ አይያዝለትም። ሳፖኒን ደግሞ ራሱ ገጹ ላይ እየተለጠፈ ያንን ሊያከብደው ይችላል። የዚያን ክርክር ሌላ ሰው ይጻፈው።

ዶክተሩ ጠርሙሶቹን ሲያይ ምን እንዳለ ብዙ ተወርቷል። ከነበሩት የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ማን ነው የናጠው?» በሚቀጥለው ሴሚስተር ለአዲሶቹ ተማሪዎች በሰጠው ባለ አንድ ገጽ መመሪያ ላይ ግን ተራ ቁጥር 1 «አየር መጨረሻ ላይ ይዘጋል»፣ ተራ ቁጥር 2 «ባዶ ውሃ በየቀኑ ይለካል» ይላል። ጥሩ መመሪያ ነው። አዘጋጅ በሚለው ቦታ አንድ ስም አለ፤ የቴክኒሻኑ አይደለም።

መዝገቡ ላይ ለባዶ ውሃ የሚሆን አንድ ዓምድ ተጨምሯል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 4.3፣ 4.6፣ 4.4 እያለ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ 4.5፣ 4.5፣ 4.5 ነው፤ ውሃ ጠፍቶ ላብራቶሪው ተዘግቶ በዋለበት ቀንም 4.5 ተጽፏል።