ዱላ ቅብብል በሱሉልታ

ዛሬ ጠዋት ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሴት ልጆች የዱላ ቅብብል ሲለማመዱ አየሁ። የረጅም ርቀት ሯጮች ሰፈር ውስጥ እኮ ነው! በጣም ደስ አለኝ።

ተቀባይዋ ወደ ኋላ ሳታይ እጇን ትዘረጋለች። ያ መተማመን ልቤን ነካው። አራት ሯጮች እያንዳንዳቸው 100 ሜትር በሚሮጡበት በ4 በ100 ሜትር ዱላው በ30 ሜትር የመቀባበያ ክልል ውስጥ ካልተላለፈ ቡድኑ ከውድድር ይወጣል።

ሲያርፉ የሪዮ 2016 ኦሎምፒክን አወራኋቸው። የአሜሪካ ሴቶች ማጣሪያው ላይ ተገፍተው ዱላው ወደቀ። አቤቱታቸው ተቀባይነት አገኘና ብቻቸውን ደግመው ሮጡ። ከዚያ ፍጻሜው ላይ በ41.01 ሰከንድ ወርቁን ወሰዱ።

አንዷ "ብቻቸውን ከማን ጋር ተፎካከሩ?" አለችኝ።

"ከሰዓቱ ጋር፣ እህቴ።"

አብዛኞቹ የሚሮጡት በተራ ሸራ ጫማ ነው። የማትጠቀሙበት የመሮጫ ስፓይክ (ከሥሩ ሹል ሹል ጥርስ ያለው ጫማ) ያላችሁ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ።