የጂቡቲ መስመር ሹፌር ያሰማኝ ዘፈን

የአረብ ዘፈን አልወድም። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሰው ሁሉ ምክንያቱን አስቀድሞ ያወቀው ይመስለዋል፤ ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት የአረብ ዘፈን ብትጠላ ምን ይደንቃል ይላል። ነገሩ ግን በዚህ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። አባቴ የሱዳን ዘፈን ወዳጅ ስለነበር የመሐመድ ወርዲና የሰይድ ኸሊፋ ካሴቶች ቤታችን ውስጥ ከአማርኛዎቹ እኩል ይከፈቱ ነበር፤ እኔም አንድ ቃል እንኳ ሳይገባኝ ዜማቸውን እያንጎራጎርሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ዘፈኑ በአረብኛ መዘፈኑ ብቻውን ጆሮዬን አስከፍቶት አያውቅም። ቤይሩት ገብቼ የሰማሁት ግን ከዚያ የተለየ ነበር። ዜማው ያርፋል ብዬ በምጠብቅበት ቦታ አያርፍም፤ ትንሽ ዝቅ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል፤ እኔም ዘፋኙ ድምፁን የሳተ እየመሰለኝ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ሌላው ምክንያት ሰው የሚጠብቀው ነው። በሊባኖስ ጠዋት ጠዋት የአገሪቱን ዝነኛ ዘፋኝ ፌይሩዝን ማዳመጥ ልማድ ነው፤ ራዲዮ ጣቢያዎቹም፣ ታክሲዎቹም፣ ቡና ቤቶቹም ቀኑን የሚከፍቱት በእሷ ድምፅ ነው። የእኔም ማዳም ከመኝታ ቤቷ ወጥታ መጀመሪያ የምትነካው ራዲዮኑን ነበር። ለእሷ የቡናዋ አጃቢ ነው። ለእኔ ግን ፌይሩዝ ጀመረች ማለት ባልኮን ላይ የተነጠፈው ፍራሼ ይጠቅለል፣ የልጆቹ ቁርስ ይቅረብ፣ የሳሎኑ ወለል ይወልወል ማለት ነበር። የፋብሪካ ጡሩምባ በምን አንጀት ይወደዳል? ማታ እንግዳ ሲኖር ደግሞ ረጃጅሞቹ የግብፅ ዘፈኖች ይከፈታሉ። እንግዶቹ በየስንኙ መጨረሻ «አላህ! አላህ!» እያሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ እኔ ሳህን ይዤ እመላለሳለሁ፤ ዘፈኑ በረዘመ ቁጥር እንግዶቹ አይነሡም፣ እንግዶቹ ካልተነሡ ደግሞ እኔ አልተኛም። እውነቱን ለመናገር እነዚህን ሁለት ምክንያቶች፣ የጆሮውንና የድካሙን፣ ለይቼ ያየኋቸው በኋላ ነው። እዚያ ሳለሁ ሁለቱም አንድ ጥላቻ ነበሩ።

የተመለስሁት በ2013 ዓ.ም. ነው። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር በ1500 ገደማ ይመነዘር የነበረው የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ አጥቶ፣ የወደቡ ፍንዳታ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተማይቱን ካናወጣት በኋላ፣ የመጨረሻዎቹ ወራት ደመወዜም ሳይከፈለኝ ቀርቶ ነው የመጣሁት። ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እዚህ አላነሣውም።

አሁን የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከወንድሜ ቤተሰብ ጋር ነው፤ ቀን ቀን ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሸራ ወጥሬ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ደንበኞቼ የግንባታ ሠራተኞች፣ ደላሎችና ከሁሉም በላይ የከባድ መኪና ሹፌሮች ናቸው። የጂቡቲ መስመር ሹፌር ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ለመጀመር ሲሰናዳ ወይም ጨርሶት ሲገባ እዚህ አካባቢ መቆሙ የተለመደ ነው። እነዚህ ሰዎች ለብቻቸው ብዙ ሰዓት ስለሚያሳልፉ ስለ ዘፈን ጠንካራ አስተያየት አላቸው፤ ፍላሻቸውን እንደ ሌላው ሰው ባገኙት አይሞሉትም።

ክረምት ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ መብራት ግን ጠፍቶ ነበር። አንድ ዕድሜው ወደ አምሳ የሚጠጋ ሹፌር ተሳቢውን ዳር አቁሞ፣ የጋቢናውን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ረዳቱ ጎማ እየዞረ ሲያይ እሱ እኔ ዘንድ ቡና ሊጠጣ ተቀመጠ። ከጋቢናው ሙዚቃ ይሰማል። የቫዮሊኖች ብዛት፣ ከዚያ ደግሞ የኤሌክትሪክ ጊታር፤ ጊታሩ አንድ ዜማ ያነሣል፣ ቫዮሊኖቹ ይቀበሉታል፣ እንደገና ይመልሱለታል። ድሮ በሆቴል ይጫወቱ ከነበሩት ባንዶቻችን የአንዱ በመሣሪያ የተቀነባበረ ሥራ መሰለኝ። ማንም አይዘፍንም፤ ደቂቃዎች አለፉ፤ አሁንም ማንም አይዘፍንም። ሁለተኛውን ስኒ ስቀዳ ጭራሽ ከንፈሬን ገጥሜ እያዜምሁት ነበር። የሴት ድምፅ የገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ የገባውም በአረብኛ ነው። ለመጥላት ግን ረፍዶብኝ ነበር።

«ወንድሜ፣ ይህ የማን ነው?» አልሁት።

«ኡም ኩልሱም ናት እህቴ፤ ‹ኢንተ ዑምሪ› ይባላል» አለኝ። «ጂቡቲ ወደብ ወረፋ ስንጠብቅ አንድ የመናዊ ሻይ ሻጭ ነው ያስለመደኝ። በዚያ ሙቀት ሌላ ዘፈን ሦስቴ አልቆ ሲደገም፣ ይህ ገና መግቢያው ላይ ነው።»

ስሟን አውቀዋለሁ። የማዳም እንግዶች እየደጋገሙ የሚጠሩት ስም ነው። ምናልባት ይህንኑ ዘፈን ቧንቧ ከፍቼ ሳህን እያጠብሁ ሰምቼው ይሆናል፤ ከሆነም ውኃው መግቢያውን ወስዶት ለእኔ የደረሰኝ «አላህ! አላህ!» የሚለው ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ አላስቀምጥ ብሎኝ ማንበብ ጀመርሁ። ዘፈኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ዜማውን የደረሰው መሐመድ አብደል ወሃብ ሲሆን፣ ሁለቱ የግብፅ ታላላቆች ለረጅም ዓመታት ጎን ለጎን ቆይተው በአንድ ሥራ የተገናኙት ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነበር። የኤሌክትሪክ ጊታሩንም ወደ እሷ ኦርኬስትራ ያስገባው እሱ ነው፤ እኔን በር ላይ ጠብቆ የያዘኝ ይኸው የእሱ ጊታር ነው። ኡም ኩልሱም በየወሩ የመጀመሪያው ሐሙስ ማታ በካይሮ ራዲዮ በቀጥታ የሚተላለፍ ዝግጅት ነበራት፤ አንዱ ዘፈን አንድ ሰዓት ያህል የሚወስደውም ለዚህ ነው። አድማጩ ያልጠገበውን ስንኝ ትደግመዋለች፣ ስትደግመውም እንደ ቀድሞው አትለውም። ይህን ካወቅሁ በኋላ በቅጂው ውስጥ የሚሰማው የሰው ጩኸት ማወኩን ተወኝ። ያለ እሱማ ዘፈኑ ሌላ ይሆን ነበር። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ባይ ከሌለ አዝማሪው ምን ያደርጋል? የዛሬዎቹ የእኛ ዘፈኖች በየስቱዲዮው ብቻቸውን ተቀርጸው ሲወጡ የሚጎድላቸው አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ይህን ለሹፌሮቹ ስናገር አንዳቸውም አልተስማሙልኝም።

የጆሮዬን ጉዳይ የፈታልኝ ግን ንባብ አይደለም። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ለረጅም ዓመታት ሙዚቃ ያስተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ጎረቤት አሉን። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ሲናፈሱ አገኘኋቸውና ስልኬን ሰጥቻቸው «ጋሼ፣ ይህ ዘፈን እንደ ሌሎቹ የአረብ ዘፈኖች ለምን አልጎረበጠኝም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ምንም ሳይመልሱልኝ ወደ ቤት ገብተው ባለ ስድስት አውታር ክራራቸውን ይዘው ወጡ። አምባሰል ቃኙና መግቢያውን ቀስ እያሉ ይከተሉት ጀመር። ሁሉንም ድምፅ አያገኙትም፤ አንዳንዱ ክራሩ ላይ ስለሌለ ይዘሉታል፤ የሚያገኙት ግን ልክ ይገጥማል።

«ልጄ፣ የእነሱ መቃም፣ ማለትም ቅኝታቸው፣ ብዙ ነው» አሉኝ። «ራስትና ባያቲ የሚሏቸው እኛ በለመድናቸው ሁለት ድምፆች መካከል የምትገባ ሩብ ድምፅ አለችባቸው፤ ስታውክሽ የኖረችው እሷ ናት። ይህ ግን ኩርድ የሚባለው ነው፤ እሷ የለችበትም። ሰባት ድምፅ አለው፤ ከሰባቱ ሦስተኛውንና ሰባተኛውን አንሺለት፣ አምባሰል ይቀርሻል።»

«የሱዳኑስ?» አልኋቸው፤ አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው።

«የሱዳኑማ ከመጀመሪያውም እንደ እኛ ባለ አምስት ድምፅ ነው፤ ቋንቋው እንጂ ቅኝቱ ባዳ አይደለም።»

ማብራሪያቸው በጣም አስደሰተኝ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አላሳመነኝም። ሹፌሩ ፍላሹን ሙሉ ገልብጦ ሰጥቶኝ ስለነበር ሌሎቹን የእሷን ዘፈኖች፣ የሌሎች ዘፋኞችንም ጭምር፣ በትዕግሥት ሞከርኋቸው። በዚያው በኩርድ የተሠሩ መሆናቸውን ጋሼ የነገሩኝ እንኳ አልገቡልኝም። ፌይሩዝማ የማይሆን ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ እጄ መወልወያ ይፈልጋል። ይህኛው ዘፈን ራሱ እስከ መጨረሻው በአንድ መቃም አይቆይም፤ ወደ ሌሎች ሲሻገር እኔ የማልከተለው ቦታ አለ፣ እዚያ ሲደርስ ዛሬም ፊቴን አኮሳትራለሁ። እንግዲህ የወደድሁት አንድ ዘፈን ነው፤ ሙዚቃውን ወደድሁ ማለት አልችልም።

ቃሉን በተመለከተ የማውቀው አረብኛ የወጥ ቤት አረብኛ ነው፤ ከሞላ ጎደል በትእዛዝ አንቀጽ የተሠራ ነው፤ አምጪ፣ አንሺ፣ ጥረጊ፣ ቶሎ በይ። በዚህ ዘፈን ውስጥ እኔን የሚያዝዘኝ የለም። ሴትዮዋ ከፍቅሯ በፊት ያለፈው ዕድሜ ባክኖ የቀረ መሆኑን እያነሣች እንዴት በእሷ ላይ ዕድሜ ተብሎ እንደሚቆጠርባት ትጠይቃለች። ትርጉሙን ያስረዳኝ ሹፌሩ ነው። በዚያ ቀን ለሌሎቹ ደንበኞች ቡና መቅዳት እስኪረሳኝ ድረስ ዝም አልሁ፤ እኔም ቤይሩት ላይ የቀሩ ዓመታት አሉኝና። የእኔዎቹን ያባከነው ግን ፍቅር ማጣት ብቻ አልነበረም።

ገላን አንድ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ፣ እንደ እኔው ቤይሩት የነበረች ጓደኛ አለችኝ። እዚያ ሳለን እሑድ ዕረፍት ሲሰጠን ቤይሩት ዳር ባለው ዶራ ሰፈር እንገናኝ ነበር። አንድ ቀን ቡና ልትጠጣ መጥታ ዘፈኑ ከስልኬ ሲጫወት ሰማችና ፊቷ ተለወጠ።

«እባክሽ አጥፊው» አለች።

አጠፋሁት። እንዴት እንደቻልሁት ጠየቀችኝ። የጊታሩን፣ የአምባሰሉን፣ የሐሙሱን ዝግጅት ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኋት፤ ለእሷ ግን ሁሉም ያው ናቸው፤ እኔም ልትወደው ይገባል ብዬ አልተሟገትኋትም። እሷ ትሠራበት በነበረው ቤት የነበሩ ሰዎች ያደረጉባትን የማውቅ ሰው ስለ መቃም ልከራከራት አይገባኝም። እሷ ስትመጣ ሌላ እከፍታለሁ።

ክርክር ያለብኝ ከሹፌሩ ጋር ነው። እሱ አሁን አሁን መግቢያውን እየዘለለ በቀጥታ ድምፅዋ ከሚገባበት ይጀምራል። መንገድ ላይ ያለ ሰው የጊታር ጨዋታ ሲጠብቅ አይውልም ይላል፤ ጂቡቲ ወረፋ ላይ ሲሆን ሌላ ነገር ነው፣ እዚያ ጊዜ እንደ ልብ ነው ይላል። እኔ ደግሞ መግቢያው የተቆረጠለት ያ ዘፈን ማዳም ሳሎን የሰማሁት ዘፈን ነው እለዋለሁ። ባለፈው ሲመጣ በረካው እስኪቀዳ ድረስ መግቢያውን ሙሉውን ሊያሰማኝ ተስማምተን ነበር። ጊታሩ ሁለተኛውን ዙር ሲጀምር ከኋላው የቆመው ተሳቢ መውጫ አጥቶ ጡሩምባውን ለቀቀው፤ የእኔው ሹፌር ስኒውን አስቀምጦ ወደ ጋቢናው ሮጠ፤ ሒሳቡንም አልከፈለ። ከአዋሽ ደውሎ ሲመለስ እንደሚከፍለኝ ነገረኝ፤ ከበስተኋላው የምትሰማው ድምፅዋ ናት፤ መግቢያውን እንደገና ዘልሎታል።