ዓር ለቃሚው ዶክተር

የደወለልኝ ሰው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ምሳ በልተሃል?» አለኝ። እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ክፉ ወሬ አለ። በልቻለሁ አልኩት። አልበላሁም ነበር። «እንግዲያው ቁጭ በል» አለኝ። ቁጭ አልኩ። ጋሼ ሞተ።

ያደግኩት ደንቆሮ ጫካ አጠገብ ነው፣ ደቡብ ወሎ ቦረና። (ስሙን ሰምቶ የማይስቅ የለም። ሳቁ፣ ለምደነዋል።) አሁን ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ይባላል። እኛ ግን ጫካው ነው የምንለው። 14 ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ በግ እጠብቃለሁ። አንድ ማለዳ ጓሳው መሀል አንድ ረጅም ሰውዬ አጎንብሶ በወረንጦ የሆነ ነገር ሲለቅም አየሁ። ገንዘብ የጠፋበት መሰለኝና ላግዘው ሄድኩ።

«ምን ጠፋብዎ?»

«ምንም። የቀይ ቀበሮ ዓር ነው።»

ሳቅ ገደለኝ። እሱ አልሳቀም። ለቀመው፣ ካኪ ፖስታ ውስጥ ከተተው፣ ላዩ ላይ ቀኑንና የቦታውን ስም ጻፈ። ቀጥሎ «አንቱ አትበለኝ። ሌላ ካየህ ጥራኝ» አለኝ። ያን ቀን ሰባት አገኘሁለት። ጨዋ ሰው እዳሪ ይለዋል፣ ጋሼ ግን በስሙ ነበር የሚጠራው። ሰፈሩም «ዓር ለቃሚው ዶክተር» አለው። ሲሰማ በጣም ደስ አለው። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቹ ሥራው ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባቸውም፣ እናንተ በአንድ ቀን ገባችሁ ይለን ነበር።

ቀበሮው ምን እንደበላ ማታ ማታ የሚያጣራው እኛ ቤት ነበር። የለቀመውን በጣሳ ውሃ ይዘፈዝፈዋል። ሲለሰልስ በሻይ ማጥለያ ደጋግሞ ያጥበዋል። የቀረውን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቶ በኩራዝ ብርሃን በወረንጦ ይለየዋል፤ ጸጉሩን ወዲህ፣ አጥንቱን ወዲያ። የአይጥ መንጋጋ ሲያገኝ አንስቶ ዓይናችን ሥር ያመጣል። የፊት ጥርሶቹ ቢጫ ናቸው፣ እንደ ማጭድ የጎበጡ። የኋላዎቹ ከጤፍ ትንሽ ይበልጣሉ። ይቺን የመሰለች ጥርስ ናት የአይጡን ዓይነት የምትነግረኝ ይላል። እናቴ ሁሉን ነገር ትችለው ነበር፣ ጣሳውን ግን አልቻለችም። «ይህን ጣሳ ከእንግዲህ ከዕቃዬ ጋር እንዳላየው!» ብላ ለብቻው ምስማር ላይ ሰቀለችው።

ቀይ ቀበሮ ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ ዝምድናው ከተኩላ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ለአቅመ መውለድ የደረሱት 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። የእኛ ወሎ ተራራ ላይ ያሉት ጥቂት ናቸው። ባሌ ላይ እንደተጠናው ከሚበላው ወደ 96 በመቶ የሚሆነው አይጥ ነው። መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ጭላዳዎች መሀል ገብቶ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን ከአራት አንዱ። ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ጋሼ ደውሎ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራኝ። በካርዱ አዘንኩ። እኔ እኮ እረኛ ሳለሁ ጭላዳና ቀበሮ አንድ ላይ ሲውሉ እያየሁ «ተላመዱ» ብዬ ማለፌ ነው።

አሁን ደግሞ የአንድ በግ ነገር ላውራችሁ። አንድ አባወራ ዱላቸውን ይዘው መጡ። «ቀበሮህ በጌን በላው» አሉት። እኔ በሆዴ «ጅብ ነው በል፣ ጅብ ነው በል» እላለሁ። ጋሼ ግን ትንሽ ቀን ይስጡኝ አላቸው። በጉ ከጠፋበት ዳገት ዙሪያ ለቃቀምንና እሳቸውም ጎረቤትም ባለበት ደጃችን ላይ ማጠብ ጀመረ። የመጀመሪያው አይጥ። ሁለተኛው አይጥ። ሰዉ መሳቅ ጀመረ፣ አባወራው አፈሩ። ሦስተኛው ላይ የጋሼ እጅ ቆመ። ከእኔ በቀር ያየ አልነበረም። ነጭ፣ ጥቅልል ያለ ጸጉር። መዳፉ ውስጥ ጨብጦ ወደ ውሃው ቢጥለው ማን ያውቅበታል?

በወረንጦ አንስቶ አባወራው መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

«የበግ ነው። እውነትዎን ነው አባባ። ሞቶ አግኝቶት ይሁን ራሱ ገድሎት ግን ከዚህ አይታወቅም።»

ሰውዬው ጸጉሩን ብዙ አዩት። «እኔ እኮ ትዋሸኛለህ ብዬ ነበር ዱላ ይዤ የመጣሁ» አሉና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ የቀበሮ ጉድጓድ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚነግረው ለጋሼ ነው።

እሱ ለቀበሮዎቹ ከጥይት ይልቅ የሚፈራው ውሻን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ከነበሩት ቀበሮዎች አራት እጅ ሦስቱን ያህል ጨርሷል። እኔም በግ ጥበቃ ስወጣ ውሻዬን አስከትል ነበር። ጋሼ አልተቆጣኝም። በሚቀጥለው ሲመጣ የእንስሳት ሐኪም ይዞ መጣና ውሻዬን አስከተበልኝ።

ሌላ አንድ ነገር። ቀኑን ሙሉ ዳገት ላይ ተቀምጠን ምንም ሳናይ ስንውል ደብተሩን አውጥቶ «0» ይጽፋል። ታዲያ ይህ ምን ይጻፋል ስለው፣ «መጥተን ነበር እኮ» አለኝ።

ደሴ ለቅሶ ቤት ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። በዚህ በኩል ነፍስ ይማር፣ በዚያ በኩል አላህ ይዘንለት፣ የወሎ ለቅሶ። በሁለተኛው ቀን ከቦረና አውቶቡስ የወረዱ ሽማግሌ ልጅ ይዟቸው ገቡ። ዱላቸውን አወቅኩት። ዓይናቸው ደክሟል፣ ስሜን ነግሬያቸው ነው ያወቁኝ። አጠገቤ ተቀመጡ። እስከ ቶናው ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ስኒያቸውን መለሱና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«የበጌን ካሳ ሳይከፍለኝ ሄደ አይደል?» አሉኝ።

ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቼ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።